በኦሞ ያልታጠበው ኮት

ጂንካን ለማየት ብሎ የተነሳ የጉለሌ ሰው አላውቅም። እኔም አስቤበት አልሄድኩም። ከተመለስኩ ወዲህ ግን ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም «እስቲ አውሪን» እያለ እረፍት ስለነሳኝ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ አራዊትና ስለ መልክዓ ምድር የሚጠብቅ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መንገዱን አብዛኛውን ያየሁት እየፈራሁ ነው።

ሥራዬ አሮጌ ጨርቅና አሮጌ ብረት መጠገን ነው። በአንድ ቤተ መዘክር ምድር ቤት ተቀምጬ የመኳንንት ካባ፣ የተቀደደ ሰንደቅ፣ የዛገ ኒሻን አክማለሁ። ሙያውን የተማርኩት ምሥራቅ ጀርመን ሲሆን፣ የደረሰኝ ክፍል የወታደር ልብስ የሚጠገንበት ነበር። ወደድኩም ጠላሁም የጀርመን ጦር ቁልፍ፣ ስፌት፣ ሜዳይና የትከሻ ምልክት እየለየሁ ዓመታት አሳለፍኩ። አገሬ ስመለስ ይህ እውቀት ለማንም የሚፈይደው ነገር አልነበረውም። ባልደረቦቼ «የሂትለር ልብስ ሰፊ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፣ እኔም ለምጄው ነበር።

አንድ ቀን ከጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር በሬዲዮ መልእክት መጣ። ጂንካ ሳይደረስ ካኮ ከምትባል መንደር ወጣ ብሎ፣ መሣሪያ ሲፈተሽ በአንድ የበና ብሔረሰብ ሽማግሌ ጎጆ ውስጥ የባዕድ ወታደር ኮትና ሜዳይ ተገኝቷል። ሽማግሌው ኦይታ ይባላል፤ በሰርጎ ገብነት ተጠርጥሮ ታስሯል። ኮቱ የየት አገርና የየትኛው ዘመን እንደሆነ የሚለይ ባለሙያ ይላክ፤ ይላል መልእክቱ። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው የምሥራቁ ጦርነት ካበቃ ገና ብዙ አልቆየም፤ «ሰርጎ ገብ» የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት ማንም እጁ ላይ ማቆየት አይፈልግም ነበር። አንዱ ለአንዱ ሲመራው፣ ሲመራው፣ እኔ ጋ ደርሶ ቆመ።

ከመነሳቴ በፊት አንድ አጭር መልስ በሬዲዮ አስነገርኩ፤ «ኮቱ በኦሞ እንዳይታጠብ» የሚል። ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ በፊት ከአንድ አውራጃ የተላከልን የድሮ ቀሚስ፣ ለአዲስ አበባ ሰው ቆሻሻ አይላክም ተብሎ በዱቄት ሳሙና ተፈትጎ፣ ሐሩ ቃጫ ሆኖ ነው የደረሰኝ። የአሮጌ ልብስ ዕድሜ የሚነበበው ከእድፉ ነው። እድፉን ያጠበ ሰው ምስክር እንዳባረረ ይቆጠራል።

ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ከጉለሌ ወጣን፤ እኔና የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ጋሽ ወርቁ። ጋሽ ወርቁ የመንዝ ሰው ነው። መኪና ከቤንዚን ይልቅ በጸሎት ይሄዳል ብሎ ያምናል፤ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ለወባ ይበጃል እያለ ነጭ ሽንኩርት በኪሱ ይይዛል።

«ሴት ልጅ ወደ ቆላ ከተላከች አገሩ ወንድ አልቆበታል ማለት ነው» አለኝ ገና ቃሊቲ ሳንደርስ።

«ወንዱማ ወረቀቱን ሲወረውር ነው እኔ ጋ የደረሰው» አልኩት። ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

የይለፍ ወረቀታችን በየኬላው ተዘረጋ፣ ተነበበ፣ ታጠፈ። ሻሸመኔ ላይ አንድ ጠባቂ የሥራ ሣጥኔን ከፍቶ ማጉያ መነጽሬን፣ ብሩሾቼንና ትንንሽ ጠርሙሶቼን አንድ በአንድ አነሳ። «ይሄ ምንድነው?» ሲለኝ «የጨርቅ መድኃኒት» አልኩት። «ጨርቅ ይታመማል?» ብሎ ወደ ጋሽ ወርቁ ዞረ። ጋሽ ወርቁም «እሷ ጋ እስኪደርስማ ሞቶ ነው» አለው። ጠባቂው ፈገግ ሳይል አሳለፈን።

ሶዶ አደርን። የእኛ የጉለሌ ቁንጫ ቢያንስ ሰው ሲተኛ ነው የሚመጣው፤ የሶዶ ትኋን ግን አልጋው ላይ ቀድሞ ጠበቀኝ። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ቆሜ ስታየኝ የራሷን አንሶላ አምጥታ ቀየረችልኝ፤ ጠዋት ለመንገድ ብላ የተቀቀለ በቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችን።

ማክሰኞ

አርባ ምንጭ ሁለቱ ሐይቆች ከላይ ይታያሉ፤ ያማሩ ናቸው ይባላል። እኔ ያየሁት የክፍለ ሀገሩን ቢሮ ኮሪደር ነው። ያነጋገረኝ ኃላፊ ቀጭን ሰው ነው፤ ይቀመጡ አላለኝም።

«ቅዳሜ ጠዋት የእስረኛ መኪና ከጂንካ ይነሳል» አለኝ። «የእርስዎ ቃል ከዚያ በፊት ከተሰጠ ተሰጠ።»

«ካልተሰጠስ?»

«ካልተሰጠ ሰውየው እዚህ ይመጣል። ከዚህ ደግሞ ወደ ላይ ይተላለፋል።»

በዚያ ዘመን ወደ ላይ የተላለፈ ሰው ቤተሰብ ስንቅ ይዞ ከበር በር ይንከራተት እንደነበር የማያውቅ የለም። በእኔ ሰፈር እንኳ እንደዚያ ያሉ እናቶች ነበሩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምሄደው ኮት ለማየት ይመስለኝ ነበር። ከቢሮው እንደወጣሁ ጋሽ ወርቁን ምሳውን አስጥዬ አስነሳሁት።

ኮንሶ አቀበት ላይ ጎማ ፈነዳብን። ተራራው ከእግሩ እስከ አናቱ በድንጋይ እርከን ተደርድሯል፤ የእናቴ አገር አንኮበር ይህን ቢያይ አፈሩን ለጎርፍ በመስጠቱ ያፍር ነበር። ከማሳ የሚመለሱ ሰዎች ለጎማው ማገጃ ድንጋይ አምጥተው፣ መኪናውን ደግፈው፣ ጎማው እስኪቀየር ከጎናችን ቆሙ። ቋንቋ ስላልተግባባን ምስጋናችንን እጅ በመንሳት ጨረስነው። ሲመሽ ኮንሶ አደርን።

ረቡዕ

ከኮንሶ ቁልቁል ወደ ወይጦ ስንወርድ ሙቀቱ የምጣድ ክዳን የተደፋብን ያህል ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ሞልቶ፣ ቀይ ሆኖ፣ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሯል። ጋሽ ወርቁ ወርዶ ድንጋይ ወረወረበት፤ ድንጋዩ ሲወድቅ ድምፅ እንኳ አልተሰማም።

«ዛሬ የለም» አለ።

«ነገስ?»

«እሱን ደመናውን ጠይቂ።»

ቅዳሜ እየመጣ ነው፤ እኔ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ ጭቃ አያለሁ። አዲስ አበባ ቢሆን ቀበና ሲሞላ በሌላ ድልድይ ይዞራል፤ እዚህ ዞሮ መሄጃ የለም።

ያሳደረን አቶ ኑሩ ነው። ከስልጤ መጥቶ ወይጦ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ፣ ዝምተኛ ሰው። የማሽላ ቂጣና የፍየል ሥጋ አቀረበልን። ለምን እንደምንሄድ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ።

«ኦይታን አውቀዋለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጨው ከኔ ነው የሚወስድ። ኮት ለብሶ አይቼው አላውቅም። በዚህ ሙቀት ማን ኮት ይለብሳል?»

«ይህንን ለፖሊሱ ብትነግርልኝስ?»

አቶ ኑሩ በሩን አየ። «እህቴ፣ ልጆች አሉኝ። ስለሱ እንዳወራሁም እዚያ አታንሺ።» ቆየት ብሎ የራሱን አልጋ ለቀቀልኝና ሱቅ ውስጥ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተኛ። ፈሪ ብዬ ልታዘበው ቃጥቶኝ ነበር፤ እኔስ በሰፈሬ ለማን ምን ተናግሬ አውቃለሁ ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ

ጠዋት ውሃው ጎደለ፤ ግን ገና ከጉልበት በላይ ነው። የፀማይ ጎበዞች ከብት ሊያጠጡ መጥተው ነበር፤ ማንም ሳይለምናቸው ከኋላ ገብተው መኪናውን ገፉልን። ጋሽ ወርቁ የያዙትን ጦር አይቶ መስኮቱን ዘጋ፤ እነሱም ዘግቶ ሲያዩት መስታወቱን እያንኳኩ ሳቁበት። ማዶ ስንደርስ ኪሱን ዳብሶ ያገኘውን ሰጣቸው፤ ነጭ ሽንኩርት ነበር። አሽትተው መለሱለት።

ቀይ አፈር የምትባለው ከተማ የገበያ ቀኗ ስለነበር መንገዱ በሰውና በፍየል ተሞልቷል፤ እየነፋን አለፍነው። ካኮ ስንደርስ አንዲት ወጣት ሴት መሐል መንገድ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋችብን። ፀጉሯ በቅቤና በቀይ አፈር የተሠራ፣ ከወገቧ ቆዳ የታጠቀች ናት። ወደኔ መስኮት መጣች። አማርኛዋን የቀሰመችው ከመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው፤ ሴትና ወንድ መለየቱ ላይ ገና ስላልደረሰች እስከ መጨረሻው «አንተ» አለችኝ።

«አንተ ነህ ልብሱን የምታየው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ዱካ ነኝ። የኦይታ ልጅ። አባቴ ሰርጎ ገብ አይደለም።» ትንሽ አሰበችና «ሰርጎ ገብ ምንድነው?» አለች።

ከኋላ አሳፈርናት። መንገድ ላይ የኮቱን ነገር ነገረችኝ። እሷ ሳትወለድ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ነጮች ወደ በና መጥተው፣ ዘፈን በመሣሪያ እየቀዱ፣ ቤትና ዕቃ እየሳሉ ሰነበቱ። ከነሱ አንዱ ከአባቷ ጋር ወዳጅ ሆነ። ይህ ወዳጅነት እኛ ሰፈር ቡና እንደሚጠራሩ ሰዎች ዓይነት አይደለም፤ ፍየል ታርዶ፣ ዕቃ ተሰጣጥቶ፣ የአንዱ ልጅ ለሌላው ቤት ልጅ የሚሆንበት ነው። አባቷ በሬ ሰጠ። ነጩ ኮቱን ከነብረቱ ሰጠ።

«የወዳጅ ዕቃ አይሸጥም፤ አይጣልም» አለች ዱካ። «አባቴ አይለብሰውም። ይሰቅለዋል። ቅቤ ይቀባዋል።»

«ለምንድነው የሚቀባው?»

«እኔ አላውቅም። ለኛ አይናገርም።»

ቅቤ የሚለውን ስሰማ ደስ አለኝ። የሃያ ዓመት ቅቤና የጎጆ ጥላሸት ያለበት ጨርቅ አዲስ ነው ብሎ ማንም ሊከራከር አይችልም። ልቤ ከአርባ ምንጭ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለሰ።

ጂንካ አረንጓዴ ናት፤ ከተማዋ መሐል ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ የሚሆን ሜዳ አለ፤ ጃንሜዳን ያስታውሳል፤ ልዩነቱ ላም መጋጡ ነው። ፖሊስ ጣቢያ የተቀበለን አዛዡ መቶ አለቃ ታደሰ ነው። ወጣት ነው፤ ከጎጃም የመጣ፣ ወባ ፊቱን ያገረጣው፣ ትሑት ሰው።

«ጓድ ፀዳለ፣ ትእዛዝዎን በሚገባ አክብረናል» አለኝ ገና ሳልቀመጥ። «ኮቱ በኦሞ አልታጠበም። ደግሞስ ኦሞ ድረስ ማን ይሄዳል? ሩቅ ነው። እዚሁ ነሪ ወንዝ ነው ያሳጠብነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሲገባኝ፣ «በምን?» አልኩት።

«በጥሩ ሳሙና ነዋ፤ በኦሞ። ከቤቴ ነው ያመጣሁት። ለእርስዎ ክብር ሲባል።»

ኮቱ በማንጠልጠያ ተሰቅሎ መጣ። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ታጥፎ የነበረው ኮሌታ ቀጥ ብሏል። ቅቤ የለ፣ ጥላሸት የለ። ሜዳዩን በአሸዋና በአመድ ፈትገውት እንደ ሠርግ ቤት ማንኪያ ያበራል። መቶ አለቃው በኩራት ካየው በኋላ ፊቱ ቀስ ብሎ ከበደ።

«እንደሚያዩት ጓድ፣ አዲስ ነው። ሽማግሌው ሃያ ዓመት ቤቴ ነበር ይላል። ሃያ ዓመት የቆየ ልብስ እንዲህ ይሆናል?»

እንደምስቅም እንደማለቅስም አላወቅሁም። ዱካ በር ላይ ቆማ ፊቴን ታነባለች። «ነገ ጠዋት እመረምረዋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ያረፍነው ወይዘሮ አስቴር ቤት ነው። የአሪ ሰው ናቸው፤ ባላቸው የሞቱ፣ የጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ ማዕድ ላይ በሹክሹክታ የሚጸልዩ። የእንሰት ቂጣና ጎመን አቀረቡልን። ለእስረኞች ምግብ የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። «ያ የበና ሽማግሌ እህል አይቀምስም ልጄ» አሉኝ። «ስለ ራሱ አይጠይቅም። ልብሱን ምን አደረጉት ነው የሚለው።» ለዱካም ከእሳቸው አጠገብ አነጠፉላት፤ እሷ ግን ኮቱ ያለበት ጣቢያ የሚታይበት በር ላይ ተቀመጠች።

ዓርብ

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ብርሃን ያለበት ቦታ ጠረጴዛ አስወጣሁና ኮቱን ገልብጬ ዘረጋሁት። መጀመሪያ ያየሁት ገበሩን ነው። የጀርመን ጦር ልብስ ከውስጥ በቀለም የተመታ የመጋዘን ማኅተም አለው፤ ዓመቱም ከዚያው ይነበባል። ያ ቦታ ባዶ ነበር። አንዲት ሐምራዊ ጭጋግ ቀርታለች፤ በማጉያም ፊደል አልሆን አለችኝ።

የቀረውን ለቀምኩ። ኮቱ ለበረሃ የተሰፋ የጥጥ ኮት ነው። ቁልፎቹ በቀለበት የሚገቡና ለእጥበት የሚወልቁ ናቸው፤ ያጠበው ሰው ይህን ስላላወቀ ቁልፎቹን እንዳሉ ቀጥቅጧቸዋል። በቀኝ ደረቱ ላይ ክንፉን የዘረጋ ወፍ ቅርጽ ይታያል፤ ምልክቱ ተፈትቶ ቢነሳም ከሥሩ የነበረው ጨርቅ ፀሐይ አላገኘውም። ሜዳዩ ደግሞ ሜዳይ አልነበረም። የራስ ቁርና ሰይፍ ያለበት ሞላላ ብረት ነው፤ ከቀረጹ ጉድጓድ ውስጥ አሸዋ ያልደረሰበት ጥቁር ቀለም አገኘሁ። ምን እንደሆነ አወቅሁ።

መቶ አለቃውን ጠርቼ «ይህ የተሰፋው በሁለተኛው ትልቅ ጦርነት ጊዜ ነው» አልኩት። «አሁን የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ሰርጎ ገብ ያመጣው ሊሆን አይችልም። የጀርመን የፋሺስት ጦር ልብስ ነው።»

ያቺን ቃል ከአፌ ባወጣኋት ቅጽበት ስህተቴን አወቅሁ። እኔ ምሥራቅ ጀርመን የተማርኩትን አጠራር ነው የተናገርኩት። መቶ አለቃው የሰማው ግን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ የሚሰማውን ነው።

«ፋሺስት?» አለና ብዕሩን አነሳ። «በጣልያን ጊዜ ሽማግሌው ጎረምሳ ነው። የፋሺስት ልብስ ከየት ያገኛል? ባንዳ ነበረ ማለት ነዋ።»

ኮቱ አዲስ ከሆነ ሰርጎ ገብ፤ አሮጌ ከሆነ ባንዳ። ሰውየውን ላድን ብዬ ካንዱ ገደል ወደ ሌላው ገደል ገፋሁት። ሽማግሌውን ይዘውት መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኑ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው። እኛን አላየንም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮት አየ። ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ።

«ማን አጠበው ይላል» አለች ዱካ።

ጥግ ላይ የቆመ አንድ ሃምሳ አለቃ «እኔ ነኝ» አለ። «ላብ በላብ አድርጎኛል! ስንት ጊዜ አጥቤው ሰማያዊው ውሃ አልቆም አለኝ። ወንዙን አጠቆረው።»

«ምን ዓይነት ውሃ?» አልኩት።

«ሰማያዊ። እንደ ቀለም።»

ኮቱ ላይ ያለውን ሰማያዊነት የሳሙናው ነው ብዬ አልፌው ነበር። የበረሃ ኮት ሰማያዊ አይደለም። መቀሴን አወጣሁና የጫፉን እጥፋት ፈታሁት። ከውጭ የደበዘዘ ሰማያዊ፣ ከእጥፋቱ ውስጥ፣ ክሩ ተጨንቆ ቀለም ያልደረሰበት ቦታ፣ የደረቀ ሣር የመሰለ የመጀመሪያ መልኩ። መቶ አለቃውን ወደ ማጉያው ጠራሁት።

«ይህ ኮት ተቀቅሎ ቀለም ገብቷል» አልኩት። «ያውም በሰው ቤት ድስት፤ ቀለሙ እኩል አልያዘም። ጦር ሠራዊት የራሱን ልብስ እንዲህ አያደርግም። ጀርመኖች ተሸንፈው ጦርነቱ ሲያበቃ ድል አድራጊዎቹ የጦር ልብስ በመልኩ መልበስ ከለከሉ። ሌላ ልብስ ያልነበረው ሰው ምልክቱን ፈትቶ፣ ቀለም ቀቅሎ ለበሰው። ያስተማረችኝ ሴትዮ ወንድም እንዲሁ አድርጓል፤ ድስቱ እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነው እያለች ታማርር ነበር። ይህ ኮት ቀለም የገባው ከሽንፈቱ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ጣልያን ከአገራችን ከወጣ ቆይቷል። ኦይታ እጅ የደረሰው ከዚያም በኋላ ነው። ከባንዳ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

መቶ አለቃው እጥፋቱን አየ፣ እኔን አየ። «ማስረጃሽ ይህ ብቻ ነው?» አለኝ። አንቱታው ጠፍቶበታል።

«ይህና ወንዝ ያጠቆረው ውሃ። ውሃውን ያየው ደግሞ ያንተው ሰው ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ባያጥቡት ኖሮ ከቅቤውና ከጥላሸቱ በታች ያንን ቀለም ማየቴን እጠራጠራለሁ። መቶ አለቃውን ግን በዚህ አላመሰገንኩትም፤ ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።

እሱ ብዕሩን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቷል። «እኔ ፈትቼው ነገ አንድ ነገር ቢመጣ፣ የሚጠየቀው ማነው?» አለ። «የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፤ ዋስ ሁኚው። ልፍታው። ኮቱና ብረቱም ከአንቺ ጋር አዲስ አበባ ይሂዱ፤ እዚህ እንዲቀሩ አልፈልግም።»

ጋሽ ወርቁ ከኋላዬ «ተይ» አለኝ፤ ሹክሹክታውን ግቢው ሁሉ ሰማው። ቤቴ ከእኔ በቀር ጧሪ የሌላት እናት አለችኝ። ሰውየው ደግሞ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው፣ ከኮቱ በቀር ምንም ያልሰማሁለት ሽማግሌ ነው። በዋስነት መፈረም በዚያ ዘመን ራስን ከሰው ገመድ ጋር መቋጠር ነው። ፈራሁ፤ ክፉኛ ፈራሁ። ዱካ የምንባባለውን ግማሹን ሳትረዳ እጄን ብቻ ታያለች። ፈረምኩ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ቅዳሜ

የእስረኛው መኪና በጠዋት ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከኋላ የተጫኑት ሰዎች እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አስቴር ቂጣ ያቀብሏቸዋል። አንዱ ወጣት ከላይ ሆኖ ትኩር ብሎ አየኝ፤ ኦይታ በእኔ ምክንያት እንደቀረ ሰምቷል መሰል። ለነሱ ባለሙያ የጠየቀላቸው የለም፤ ቤታቸውም ኮት አልተገኘም። መኪናው ሲነሳ የማደርገው ጠፍቶኝ ሣጥኔን ይዤ ቆምኩ። ያ ፊት ዛሬም አልለቀቀኝም።

ኦይታንና ዱካን ይዘን ወደ ካኮ ወጣን። ወደ ቤቱ የሚያስገባው የእግር መንገድ ጋ ስንደርስ ሽማግሌው አስቆመን፤ ወርዶም አልሄደም። ወደ እኔ ዞረ፤ ዱካም እየተረጎመች፣

«ብረቱን የሰጡት ማንን ገድሎ ነው? ይላል።»

«ገድሎ አይደለም» አልኩ። «ቆስሎ ነው። እዚያ አገር ጦር ሜዳ የቆሰለ ወታደር ይህ ይሰጠዋል።»

ዱካ ነገረችው። አላመነም፤ ደግማ ነገረችው። ከዚያ ሽማግሌው ቀስ ብሎ ማውራት ጀመረ፤ እሷም በዚያው ቀስታ አቀበለችኝ።

«እኛ አገር ምልክት የሚያደርግ የገደለ ነው ይላል። ለቆሰለ ማንም አይሰጥም። ሰውየው ልብሱን ሲሰጠው አልቅሷል። አባቴ ሲያለቅስ አየው። ሰው ገድሏል አለ፤ ደሙን ለኔ ሰጠኝ አለ። ወዳጅ ነው፤ ተቀበለው። አልለበሰውም። በየዓመቱ ቅቤ ይቀባል፤ ደሙ እንዲበርድ። ለኛ አልተናገረም፤ እንዳንፈራ።»

ጋሽ ወርቁ መሪውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

ኦይታ አሁንም ጠየቀ። «የት ነው የቆሰለው?» አለች ዱካ።

ትናንት ስመረምር አይቼው ለጉዳዩ አይጠቅምም ብዬ የተውኩት ነገር ነበር። ኮቱን ከሣጥኔ አውጥቼ የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋሁና የግራ ክንዱን አነሳሁ። ከብብቱ ዝቅ ብሎ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ቀዳዳ፣ በሌላ ክር በጥንቃቄ ተሸምኗል። ያን ሁሉ ዓመት ከቅቤ ሥር ተሸፍኖ ኖሯል።

«እዚህ ጋ» አልኩት።

ሽማግሌው ጎንበስ አለና ጣቱን እዚያ ቦታ ላይ አደረገ፤ ቀስ ብሎ፣ ያሳምመዋል ብሎ እንደሚፈራ ሰው። ከዚያ በቋንቋው ማውራት ጀመረ፤ ረጅም ነበር። ዱካ አልተረጎመችም። ቆየሁና «ምን እያለኝ ነው?» አልኳት።

«ለአንተ አይደለም» አለችኝ። «ከሰውየው ጋር ነው የሚያወራው።»